ድንጋይ በዶላር አይገዛም

አንድ የድሮ ባልደረባዬ ሰሞኑን በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የቀድሞ መሥሪያ ቤታችን፣ የኮንስትራክሽን ድርጅቱ፣ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የታየ ስላይድ ነው። ርዕሱ «የክልል ገበያ ስኬታችን» ይላል። ከሥሩ የሆሳዕናው ቅርንጫፍ የኮንክሪት ማቡኪያ፣ ሚክሰሯ፣ ቆማለች። መጀመሪያ ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቼ ተናደድኩ። ፎቶውን አጉልቼ ካየሁት በኋላ ደግሞ መልሼ ሳቅኩ። ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ሆሳዕና የወረድኩት በ2016 መጀመሪያ ነው፤ ኦፊስ ኢንጂነር ተብዬ። አዲስ አበባ ላይ ሥራ ነጥፎ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲገድብ፣ በብድር ፎቅ የሚያስቆሙ ባለሀብቶች ስልካችንን ማንሳት ተዉ። ክሬናችን ቦሌ ላይ እንደ ቀጭኔ ተገትሮ ቀረ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተና ሆሳዕና መቀመጫ ሆነች። አለቆቻችን «አዲስ ክልል ማለት አዲስ ቢሮ ነው፤ አዲስ ቢሮ ማለት ደግሞ ሥራ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ክፉ ሐሳብ አልነበረም።

አንድ ባለ አራት ፎቅ ሥራ አሸነፍን። የማን እንደሆነ ይቅር። ያሸነፍነው ዋጋ ሰብረን ነው። የውሉ ጊዜ 365 ቀን፤ አጭር ነው ተብሎ የዋጋ ማስተካከያ የለውም፤ ዕቃ ቢወደድም የእኛ ዋጋ አይነካም። የፈረሙት አዲስ አበባ ናቸው። እኛ ቅርንጫፍ ነን፤ ማኅተም እንኳ የለንም።

በየካቲት 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ገባ። ስቶር ኪፐራችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ድሮ ጦር ሠራዊት ንብረት ክፍል የነበረ ሰው ነው። ቢሮዬ በር ላይ ቆመ።

«ኢንጂነር፣ ብረቱ መቼ ነው የሚገባው?»

«ዋናው መሥሪያ ቤት በጅምላ ይገዛልናል ጋሼ። በጅምላ ሲሆን ይረክሳል።»

«ገንዘቡ እዚህ አለ?»

«ወደ ላይ ሄዷል።»

«ወደ ላይ የሄደ ጭስ ነው» ብሎኝ ወጣ።

ደብሮኝ ነበር። ትልቅ ድርጅት እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ገንዘቡ ግን ሆሳዕና አንድ ሌሊት አላደረም። የቦሌው የንዑስ ተቋራጭ ዕዳ፣ የክሬን ኦፕሬተሩ ውዝፍ ደመወዝ፣ የባንክ ወለድ ተቃመበት። ቅድመ ክፍያው ምን ላይ እንደሚውል የሚያሳየውን ሠንጠረዥ የሠራሁት እኔ ነኝ። «ፌሮ»፣ ማለትም የግንባታ ብረት፣ የሚለው መስመር ላይ ያለው ቁጥር በጣም የሚያምር ነበር።

ከእኛ ሳይት ሁለት መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ደረጃ 5 የሆነ የአገሩ ተወላጅ ኮንትራክተር የመማሪያ ክፍሎች ይሠራል። ቢሮው አሮጌ ፒካፑ ናት። ውሎቹን ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ነው የሚያስቀምጣቸው። እሱም ቅድመ ክፍያ ተቀበለ። በሳምንቱ አንድ ሲኖትራክ ሙሉ ፌሮ አራገፈ። ከዚያ ፈገግ ብሎ እኛ ዘንድ መጣ።

«ወንድሜ፣ እኔ መጋዘን የለኝም። የእናንተ ትልቅ ነው፤ ደግሞ ባዶ ነው። ብረቴን ላስቀምጥ?»

ባዶ ነው ያለው ክፋት አስቦ አይመስለኝም። እሺ አልኩት። ቅዳሜ ቤቱ ወስዶ የሀዲያን ባህላዊ ምግብ፣ አታካና፣ ጋበዘን። ጋሼ ብረቱን ቆጥሮ ተረከበና ለብቻው ቢን ካርድ፣ የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ፣ ከፈተለት። «የእኛ አይደለም» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈበት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሆነ። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን የተባለበት ቀን። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ነሐሴ ሳያልቅ 100 ብርን ዘለለ። ያን ዕለት ጠዋት ለብረት ነጋዴያችን ደወልኩ። ዋጋ አልሰጥም አለኝ። አለመሸጡ አይደለም የገረመኝ፣ ዋጋ ለመናገር መፍራቱ ነው። «ዛሬ የነገርኩህን ነገ ታስለቅሰኛለህ» አለኝ።

አዲስ አበባ፣ የፋይናንስ ኃላፊው ጋ ደወልኩ። ይቺን ንግግር ዛሬም ሻወር ውስጥ ሆኜ እመላለስባታለሁ።

«ነጋዴው ዋጋ አልሰጥም ብሏል» አልኩ። «እርስዎ ቶሎ ቢያስገዙልን፣ ከመናሩ በፊት...»

«ለምንድን ነው የሚንረው?»

«ዶላሩ ስለተለቀቀ።»

«አንተ ያለኸው የት ነው?»

«ሆሳዕና።»

«እና ዶላር ሆሳዕና ምን ይሠራል? የምትሠሩት በአገር ውስጥ ዕቃ ነው። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ድንጋይ። ድንጋይ በዶላር አይገዛም።»

እኔም «እሺ፣ ገብቶኛል» አልኩ።

እሺ፣ ገብቶኛል! ምኑ ነው የገባኝ? ማታ ካምፕ ጋደም ብዬ መልሱ ይወርድልኝ ጀመር። ድንጋዩን የሚፈጨው ክሬሸር መንጋጋው ከውጭ ነው የሚመጣው። ድንጋዩን የሚያመጣው ሲኖትራክ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ዘይቱ ከውጭ ነው። ናፍጣውማ አይነሳ፤ መስከረም 2017 ሳያልቅ በሊትር 90 ብር አልፏል። ፌሮው እዚሁ አገር ይሳባል እንጂ የሚሳብበት ጥሬ ብረት፣ ቢሌቱ፣ በመርከብ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስልኩ ላይ ግን አፌ «እሺ» ብቻ ነበር የሚያውቀው። እኔን የሚያበሽቀኝ ኃላፊው አይደለም፤ እሱማ ስለ ጎማ ምን ያውቃል?

የሚቀረው ደብዳቤ ነበር። ውሉ፣ ችግር ሲያጋጥም በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። ረቂቁን በማግሥቱ ላክሁ። ከሕግ ክፍል መልስ መጣ፤ «የሥራው ሁለተኛ ሎት ለጨረታ ሊወጣ ስለሆነ ደንበኛ አናስቀይም።» ሁለት ጊዜ አስታወስኩ። ነሐሴ 20፣ ሃያ ስምንተኛው ቀን፣ ዝናቡን እያየሁ ማኪያቶ ጠጣሁበት።

ጋሼ ግን እሱ ዘንድ 28 ቀን የሚባል ነገር የለም። ማታ ማታ ሳይት ቡኩ፣ የዕለት ሥራ መመዝገቢያው፣ ላይ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ይጽፋል። «ዛሬ ፌሮ ባለመግባቱ የሁለተኛ ፎቅ ምሰሶ (ኮለን) አልታሰረም። ምክንያቱ፦ ነጋዴው ዋጋ አልናገርም ብሏል።» ከዚያ ሥራውን የሚቆጣጠረውን የአማካሪውን ተወካይ ያስፈርማል። ሳይፈርም ሻይ የለም። ለክሌም፣ ለካሳ ጥያቄ፣ አስቦ እንዳይመስላችሁ። «ብረት የት ሄደ ተብዬ እንዳልጠየቅ ነው» ነው ያለኝ። ጦር ሠራዊት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉድለት።

በመጨረሻ ምን ሆነ መሰላችሁ? የደረጃ 5ቱ ሰውዬ ኮለኖቹን ጨርሶ ብረት ተረፈው። እኛ ገዛነው። በአዲሱ ዋጋ። ብረቱ ከስቶራችን ንቅንቅ አላለም። ጋሼ «የእኛ አይደለም» የሚለውን ሰርዞ ከጎኑ «የእኛ ነው» ብሎ ጻፈና ቀን አደረገበት። ነጋዴዎች ዕቃ ደብቀዋል እየተባለ ሱቃቸው በሚታሸግበት ሰሞን እኛ የሌላ ሰው ብረት ደብቀን መቀመጣችንን ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

የገዛንበትን ገንዘብ በከፊል ከየት አመጣን? ሥራ ፈቶ የቆመውን ሚክሰራችንን ለእሱው አከራየን። ያ ክረምት የቅርንጫፉ እውነተኛ ገቢ እሷ ሚክሰር ነበረች። ጳጉሜን ላይ ግን ሒሳብ ስንሠራ ተጣላን። የአምስቱን ቀን አልከፍልም አለ።

«ጳጉሜን ደመወዝ አለው እንዴ?» አለኝ።

«የለውም፤ ግን ይሄ ኪራይ ነው።»

«አንተ ለጳጉሜን ተከፍሎህ ያውቃል?»

አያውቅም። ምን ልበለው?

ሠራተኞቹ ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ አገር ቤት ገብተው ሲመለሱ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ አስገባን። ደብዳቤ አልነበረንም። የነበረን የጋሼ ሳይት ቡክ ነው፤ በየገጹ የአማካሪው ፊርማ ያለበት። 84 ቀን ተሰጠን። ብር የሚባል የለበትም፤ ግን በዘገየንበት ቀን ሁሉ ከውሉ ዋጋ ከሺህ አንድ እየቆጠረ ከሚበላው ቅጣት አመለጥን። ከአዲስ አበባ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ለሕግ ክፍል ነው። በቅርንጫፉ በኩል ግልባጭ ተደርጎልናል።

ወደ ስላይዱ ልመለስ። ከፎቶው ጎን «በገቢ ምንጭ ማስፋት ያገኘነው ውጤት» ተብሎ ተጽፏል፤ የሚክሰሯ ኪራይ መሆኑ ነው። አቅራቢው የፋይናንስ ኃላፊው ራሳቸው ናቸው። ባልደረባዬ እንደነገረኝ በደንብ ተጨብጭቧል። ፎቶውን ሳጎላው ከሚክሰሯ ኋላ ያለው ታፔላ ተነበበ። የእኛ አይደለም። ደረጃ 5 ይላል፣ የሰውዬውም ስም ከነስልክ ቁጥሩ አለ። ፎቶው የተነሳው እሱ ሳይት ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው አላነበበውም።

ለጋሼ ላክሁለት። ጡረታ ወጥቶ ልጁ ጋ ነው ያለው። ስኬት ምናምን የሚለውን ያነበበው አይመስለኝም። ወዲያው ደወለ።

«ይቺ የእኛዋ ሚክሰር አይደለችም?»

«ናት ጋሼ።»

«የጳጉሜንን ከፈለ?»