ቆርኪ፣ ሁለት የሉዶ ዳይስ እና 24 ደቂቃ ተራ መጠበቅ

እህቴ ተራዋ እስኪደርስ የወጥ ሽንኩርት ከትፋ ጨረሰች። ቀልድ አይደለም። ቅዳሜ ማታ ቤት ውስጥ አምስት ፕሌየር ሆነው፣ እኔ ደሞ ዲኤም (ታሪኩን የሚመራውና ጠላቶቹን የሚያጫውተው) ሆኜ፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ ሁሉም የየራሱን ካራክተር ይዞ በዳይስ የሚጫወተውን ጌም እየተጫወትን ነበር፣ ዋሻ ውስጥ ጎብሊን ከሚባሉ ስምንት ትናንሽ ጭራቆች ጋር ተፋጠናል፣ እሷ ቀስቷን ለቀቀች፣ ሳተች፣ "በቃ?" ስትለኝ "አዎ ያንቺ አለቀ" አልኳት፣ ተነስታ ኪችን ገባች። እጇን ታጥባ ስትመለስ የአክስታችን ልጅ አሁንም የቱን አስማት ልጠቀም እያለ ስልኩ ላይ ያነባል። ለአንድ ዲኤም ከዚ በላይ የሚያሸማቅቅ ነገር የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለማንም ሳልናገር በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። አንድ ፕሌየር ተራውን የሚጨርሰው በአማካይ በ4 ደቂቃ ነው፣ እኔ ጎብሊኖቹን ሁሉ አንቀሳቅሼ ለመጨረስ 8 ደቂቃ። ስለዚ አንድ ሰው ተጫውቶ ከጨረሰ በኋላ አራቱን ጓደኞቹንና እኔን ይጠብቃል፣ 24 ደቂቃ ማለት ነው። 24 ደቂቃ ጠብቀህ ዳይስ ትወረውራለህ፣ "ሳትክ" ትባላለህ፣ ሌላ 24 ደቂቃ።

መሳት ደሞ ብርቅ አይደለም። በፈረንጆቹ የ2014ቱ እትም ላይ ጎብሊን አርመር ክላሱ (ለመምታት መድረስ ያለብህ ቁጥር) 15 ነው፣ ኤችፒው (ሲመታ የሚቀነሰው ጤናው) 7። ደህና ጡንቻ ያለው ጀማሪ ተዋጊ ባለ 20 ጎን ዳይሱ ላይ 5 ስለሚደምር 10 እና ከዛ በላይ ይበቃዋል፣ 55 ፐርሰንት። ከመታ ደሞ ሰይፉ ባለ 8 ጎን ዳይስ ሲደመር 3 ነው፣ 7 ላይደርስም ይችላል። ሲጠቃለል በአንድ ተራ አንዲት ጎብሊን የመግደል እድሉ ሲሶ አካባቢ ነው። ጌሙን ለማማት አይደለም፣ ብዙ ሰው ወዶት ይጫወተዋል፣ የኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግን አልሰራም።

እኔ ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጨመርኩበት! ደስ የማይለው ደም ስለሌለበት ነው ብዬ 36 ረድፍ ያለው የጉዳት ሰንጠረዥ ሰራሁ፣ ዓይን መጥፋት፣ ጉልበት መሰበር፣ ምናምን። በመጀመሪያው ቀን የአክስቴ ልጅ ቀኝ እጁን ጅብ በላበት። ሰይፍ የሚይዝበትን እጅ! ለሶስት ወር ያሳደገው ካራክተር ነው፣ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ፣ እናቱ ደውላ "ምን አድርገኸው ነው?" እስክትለኝ። ከዛ ደሞ የድካም ነጥብ የሚባል ጨመርኩ፣ ሁሉም ሰው በእያንዳንዱ ተራ እየደመረ የሚጽፈው፣ ውጊያው ከሁለት ሰዓት ወደ ሶስት ሰዓት አደገ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፣ የጎደለን ደም አይደለም፣ የሚወሰን ነገር ነው የጎደለው። እህቴ ቀስት ከመልቀቅ ውጪ የምትመርጠው ነገር አልነበራትም፣ ሽንኩርት ብትከትፍ ምን ይፈረድባታል?

ያዳነኝ ግን አሪፍ ሀሳብ ሳይሆን እጥረት ነው። ከአሜሪካ የመጣልን አንድ ሙሉ የዳይስ ስብስብ ነበር፣ ባለ 20 ጎኑን የእህቴ ትንሽ ልጅ የት እንዳደረገው ፈጣሪ ይወቀው። አፕ እንጠቀም ተባለ፣ ስልኩ እጅ ላይ ከገባ ደሞ ቲክቶክ ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚርቀው። በቃ ከሉዶ ላይ ሁለት ዳይስ አነሳሁና በሁለት ዳይስ ብቻ የሚሰራ ነገር ልስራ አልኩ። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም፣ አፖካሊፕስ ወርልድ የሚባል ሌላ የዚህ አይነት ጌም በፈረንጆቹ ከ2010 ጀምሮ ያስለመደው መንገድ ነው፣ 10 እና ከዛ በላይ ካመጣህ ያሰብከው ይሳካል፣ ከ7 እስከ 9 ይሳካል ግን ያስከፍልሃል፣ 6 እና ከዛ በታች ከሆነ ጠላት ያሰበውን ያደርጋል።

ሂሳቡን ደብተር ላይ ቁጭ ብዬ ሰራሁት። ሁለት ዳይስ 36 አይነት አወዳደቅ አለው፣ ምንም ሳትደምር 15ቱ 6 እና ከዛ በታች ነው፣ 15ቱ መሀል ላይ፣ 6ቱ ብቻ ከላይ። 1 ስትደምር 10፣ 16፣ 10 ይሆናል፣ 2 ስትደምር 6፣ 15፣ 15። እኔ መጀመሪያ ቸር ልሁን ብዬ ጎበዝ ለሆኑበት ነገር 3 ሰጠኋቸው፣ መውደቂያው ከ36ቱ 3 ብቻ ሆነ፣ ከ12 አንዴ ማለት ነው፣ ጠላት የሆኑት ሽፍቶች እንደ ዝንብ ረገፉ፣ ማንም ትንፋሹን አልያዘም። አሁን ጣሪያው 2 ነው፣ ማንም ቢለምነኝ አልጨምርም። ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው፣ ጠላት የሚንቀሳቀሰው በፕሌየሮቹ ዳይስ ስለሆነ እኔ የራሴ ተራ የለኝም። ያቺ 8 ደቂቃ እንዳለች ጠፋች።

ሚኒያቸር የሚባለውን የካራክተር ትንሽ ቅርፅማ ተዉት፣ እኛ ጋ ቆርኪ አለ። ዳማ በቆርኪ ያልተጫወተ አለ እንዴ? የአምቦ ውሃ ቆርኪ ፕሌየር፣ የቢራ ቆርኪ ጠላት፣ ካርታው የሂሳብ ደብተር መሀል ሉክ ባለ ካሬው። አንድ ማታ ዝም ብዬ ቆርኪ እየገለበጥኩ ስቀመጥ ኤችፒ ለምን እጽፋለሁ አልኩ። ፊቱ ወደ ላይ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ተገልብጦ ጥርሱ ወደ ላይ ከሆነ ቆስሏል፣ ድጋሚ ከተመታ ከካርታው ይነሳል። እስክሪብቶ የለ፣ መደመር መቀነስ የለ፣ ጠረጴዛውን አንዴ አይተህ ማን እያሸነፈ እንደሆነ ታውቃለህ። የሆነ ሰው የቢራ ቆርኪ ቀጭ አርጎ ሲገለብጥ ያለው ደስታ 7 ኤችፒ ቀነስክ ከመባል ጋር አይወዳደርም።

የውጊያው አጀማመር ነበር የቀረኝ። ኢኒሼቲቭ ወርውሩ፣ ማለትም ማን እንደሚቀድም በዳይስ ይለይ ሲባል፣ የነበረው ውጥረት ሁሉ ይተናል፣ ሁሉም ቁጥር ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የመስሪያ ቤት ስብሰባ። በዛ ሰሞን ስለኛ ሰንጠረዥ፣ ስለ ሀበሻ ቼዝ ማለቴ ነው፣ የታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የጻፉትን አገኘሁ። በድሮው የሀበሻ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም ተጫዋች እኩል፣ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፣ አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ከዛ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። ይሄኛው ክፍል ወረራ ይባላል። አነበብኩት፣ ተነሳሁ፣ እራቴን ሳልበላ ሩሉን ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ወረራችን ትርምስ ነበር። አምስት ሰው ባንዴ እጁን ካርታው ላይ፣ የአክስቴ ልጅ በአንድ ትንፋሽ አስር ካሬ ተሻገረ፣ ሁለቱ አንድ ድንጋይ ኋላ እደበቃለሁ ብለው ቆርኪ ተገፋፉ፣ እኔ በሁለት እጅ ስምንት ሽፍታ አንቀሳቅሳለሁ፣ ሻይ ተደፋ። ሁለት ነገር አስተካከልኩ። አንደኛ ሁሉም ሰው በአንድ እጅ ብቻ፣ እኔም ጭምር። ሁለተኛ አንድ ካሬ ከገፋህ በኋላ መዳፍህን ጠረጴዛው ላይ ጠፍ አርገህ ነው ሌላውን የምትገፋው። አሁን ክፍሉ ውስጥ ጠፍ ጠፍ የሚል ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ሁሉም ዓይኑ ቶሎ የሚመታው ሰው ላይ ነው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ምት ሲሰነዘር እጅህ የት እንደነበረ እዛው ነው የምትቀረው። ሙሉው ነገር ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ባለፈው የተጫወትነውን ልንገራችሁ። የሲራራ ነጋዴዎች አሞሌ ጭነው ገደል አፋፍ ላይ ባለች ቀጭን መንገድ ይሄዳሉ፣ ፕሌየሮቹ ጠባቂ ናቸው። ሽፍቶቹ ሰው መግደል አይፈልጉም፣ በቅሎ ከነጨው ነው የሚፈልጉት፣ ይሄ በራሱ ብዙ ነገር ይቀይራል። እኔ በየዙሩ መጀመሪያ ሽፍቶቹ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። አንዱ ከላይ ድንጋይ ሊያንከባልል ነው፣ አንዱ ነፍጡን እያጎረሰ ነው፣ አንዱ የመጀመሪያዋን በቅሎ ልጓም ይዟል፣ አንዱ ከኋላ የጭነት ገመድ ሊቆርጥ ነው፣ ሁለቱ ወደ ሽማግሌው ነጋዴ እየሮጡ ነው። ስድስት አደጋ፣ አምስት ሰው። ይሄን ቁጥር ያገኘሁት በልምድ ነው፣ አራት ሲሆን እያንዳንዱን ተከፋፍለው ይጨርሱታል፣ ስምንት ሲሆን ተስፋ ቆርጠው ዝም ይላሉ፣ ከሰው ቁጥር በአንድ ሲበልጥ ግን ይጨቃጨቃሉ።

እህቴ ልጓም የያዘውን ልትመታ ወረወረች፣ 8 መጣ። "ታስጥይዋለሽ ግን በቅሎዋ ደንብራለች፣ ወይ ቀስትሽን ጥለሽ ልጓሟን ትይዣለሽ ወይ ገደል ትገባለች" አልኳት።

"ስንት አሞሌ ነው የጫነችው?"

"ሰማንያ።"

"ቆይ፣ የኛ ናት ወይስ የሽማግሌው?"

ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፣ ግን እውነቷን ነው የምታስበው። ቀስቷን ጣለች። በሚቀጥለው ዙር ነፍጡ ሲተኮስ ባዶ እጇን ልጓም ይዛ ቆማለች፣ የአክስቴ ልጅ ሽማግሌውን ትቶ ወደሷ ሮጠ፣ ሽማግሌው ቆሰለ፣ ሌላኛው ደሞ ምን ነካህ ብሎ ጮኸበት። ስልክ የነካ አልነበረም። አለቃቸው ሲገለበጥ ለሽፍቶቹ ሁለት ዳይስ ወረወርኩላቸው፣ ወኔያቸው 7 ነው፣ ዳይሱ ከሱ ካለፈ ይሸሻሉ፣ 9 መጣ፣ ሸሹ። ይሄም የኔ ፈጠራ አይደለም፣ በፈረንጆቹ በ1981ዱ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ቤዚክ እትም ላይ የነበረ የሞራል ሩል ነው፣ ለምን ብዙ ሰው እንደተወው አይገባኝም፣ የመጨረሻዎቹን ሶስት ጠላቶች አሳዶ መግደል የመሰለ አሰልቺ ነገር እኮ የለም። ሁሉም ባንድ ላይ 35 ደቂቃ ፈጀ።

አስማት ግን እስካሁን አልሰራልኝም። አንደኛው ልጅ ደብተራ ነው የሚጫወተው፣ ድግምቱ ከሰራ ሽፍቶቹ በሙሉ ይተኛሉ፣ ካልሰራ ምንም፣ መሀል የሚባል የለውም። 7 እስከ 9 ሲመጣ ከሽፍቶቹ ጋር በቅሎዎቹም ይተኙ ብዬ ሞከርኩ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ሳቅን፣ በሁለተኛው ቀን ግን ማንም አልሳቀም። ለቅዳሜ ድግምቱን ሶስት ዙር ላይ ከፋፍዬ፣ በየዙሩ አንድ ቃል እየጨመረ የሚደግምበት፣ ሌሎቹ እስኪጨርስ የሚጠብቁት አርጌዋለሁ። ልጁ "ሶስት ዙር ቆሜ ላወራ ነው?" እያለ ከወዲሁ እየነጫነጨ ነው።