ከመጀመሪያው ቀጥሎ

አስፋው አሊ የሚለውን ስም ስንቶቻችን ሰምተነዋል? ሚሽካ ባቢቼፍን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930 ብቻውን አውሮፕላን በማብረር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አስፋው አሊ በዚያው ሰሞን ተከተለው። የተማሩት አንድ ላይ ነው፣ የወጡበትም ሰማይ አንድ ነው። ግን አንደኛው ታሪክ ውስጥ ገባ፣ ሌላኛው አለፍ ሲል የሚጠራ ስም ሆኖ ቀረ።

ሰሞኑን ማታ ማታ ስለ ቀደምት አብራሪዎች አነባለሁ። ልቤ የሚያደላው ታዲያ ወደ ሁለተኞቹ ነው። የመጀመሪያው ሰው በር ይከፍታል። በሩ ተከፍቶ መቅረቱ የሚታወቀው ግን ሁለተኛው ሲገባ ነው።

ነገሩ ያኔ ምን ያህል አዲስ እንደነበር አስቡት። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ፖቴዝ 25 የተባለች አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነስታ አዲስ አበባ አረፈች። አብራሪው አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ነሐሴ እኮ ነው! ደመናው ተራራውን በሚሸፍንበት ወር፣ አብራሪው ራሱ ላይ ጣሪያ በሌለው አውሮፕላን። ከዓመት ትንሽ በኋላ የአገሩ ልጆች ራሳቸው መሪውን ጨበጡ።

አዲስ አበባ ደግሞ ለጀማሪ የምትመች ቦታ አይደለችም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ መንደርደሪያው ይረዝማል። ይህን በወረቀት ላይ ለእህቴ ልጅ ላስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ፓይለት ካልሆንኩ ብላለች። እዚሁ ሐዋሳ አሞራ ገደል ወሰድኳትና አባ ኮዳዎቹን አሳየኋት።

አባ ኮዳ ቆሞ ሲያዩት የሚበር አይመስልም። ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች አጠገብ የዓሣ ሆድቃ እየጠበቀ እንደ ሽማግሌ ይቆማል። ሊነሳ ሲል ግን መጀመሪያ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ከዚያ በእነዚያ ቀጫጭን እግሮቹ ይሮጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ክንፉን በከባዱ ያርገበግባል፣ እግሩ መሬት ይነካል፣ እንደገና ይነካል፣ ከዚያ ይለቃል። ልጅቷ ፈዛ ቀረች። «አውሮፕላንም ወደ ነፋሱ ነው የሚነሳው?» አለችኝ። አዎ፣ ወደ ነፋሱ። ከፊት የሚመጣው ነፋስ በክንፉ ላይ የሚያልፈውን አየር ፍጥነት ይጨምርለታል፣ ስለዚህ በአጭር ሩጫ ይነሳል። ከዚያ ወዲህ አልረሳችውም።

ስለ ቤሲ ኮልማን የነገርኳትም ያን ቀን ነው። ቤሲ ቺካጎ ውስጥ ጥፍር እያሳመረች የምትኖር ቴክሳስ የተወለደች ጥቁር ሴት ነበረች። አሜሪካ ውስጥ የሚያስተምራት ስታጣ ፈረንሳይኛ ተምራ ፈረንሳይ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1921 ዓለም አቀፍ የአብራሪነት ፈቃዷን ይዛ ተመለሰች። ሕልሟ ለወገኖቿ የበረራ ትምህርት ቤት መክፈት ነበር። አልደረሰችም። እ.ኤ.አ. በ1926 ጃክሰንቪል ላይ ከአውሮፕላን ወድቃ ሞተች። ገና 34 ዓመቷ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ያሳዝነኝ ነበር። ግን አላበቃም። በዚያችው ቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የሚባል መካኒክ ነበር። የበረራ ትምህርት ቤቱ ጥቁር ነህ ብሎ ቢመልሰው እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ። መጥረጊያውን ይዞ ክፍል ይገባል፣ ወለሉን እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጣል። በመጨረሻ ተማሪ አድርገው ተቀበሉት። ከጓደኛው ከኮርኒሊየስ ኮፊ ጋር ሆኖ ሌሎች ጥቁሮችን ማስተማር ጀመሩ። ነጮቹ ሜዳ አንሰጥም ሲሏቸው ሮቢንስ የምትባል የጥቁሮች ከተማ ሄደው የራሳቸውን ማኮብኮቢያ ጠረጉ። ኮፊ ካስተማራቸው አንዷ ዊላ ብራውን ናት። እሷም እ.ኤ.አ. በ1938 ፈቃዷን እዚያው አሜሪካ ውስጥ አገኘች። ባሕር ማቋረጥ አላስፈለጋትም። የቤሲን ነገር ትርጉም የሚሰጠው ለእኔ ይሄ ነው።

ሮቢንሰን ደግሞ ወደ እኛ መጣ። በ1927 ዓ.ም፣ ጦርነቱ አፍንጫችን ስር ሲደርስ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የጣልያን አውሮፕላኖች አድዋን ሲደበድቡ እሱ እዚያው ነበር። የእኛ አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ መሣሪያ ያልታጠቁ ነበሩ። በእነዚያ መልእክትና መድኃኒት እያመላለሰ ከጣልያን ተዋጊ አውሮፕላኖች ያመልጥ ነበር። ኮሎኔል ተባለ። ሁላችንም የምናወራው ይህንን ጀግንነቱን ነው፣ ይገባዋልም።

እኔ ግን የበለጠ የምወድደው ሁለተኛ አመጣጡን ነው። ከነፃነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ አሠልጣኞችና መካኒኮች አስከትሎ ተመልሶ መጣ። ያኔ ጋዜጠኛ የሚከተለው ጦርነት አልነበረም። ሥራው ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ሞተር መፍታትና መግጠም ነበር። አገራችን ላይ ወጣቶች አስተማረ። መጋቢት 1946 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ ከቀናት በኋላ አረፈ። የተቀበረውም እዚያው ነው። አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ መቃብሩን ሳላይ አልመለስም ብያለሁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ መሪውን የያዙት አሜሪካዊያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። ከእሳቸው ወዲህ ሰልፉ አልተቋረጠም። የወንዶቹ ማለቴ ነው።

የሴቶቹ ነገር ያንገበግበኛል። ሙሉመቤት እምሩ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ማብረር ተምራለች። የዘመኑን ልጃገረድ አስቡና ከዚያ ያን የራስ ቁርና መነጽር አድርጉላት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ በረራዋም ተቋረጠ። ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን የሚያስከትል ሮቢንስን የመሰለ ሜዳ አልነበራትም። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆኑት በ2003 ዓ.ም ነው። በመሃል ከሰባ ዓመት በላይ አለ! አንድ ሙሉ ዕድሜ ማለት ነው።

ባለፈው ቡና ላይ አንዲት ጎረቤታችን የእህቴን ልጅ ሕልም ሰምተው «ሴት ልጅ ምን እዚያ ላይ ይሰቅላታል?» አሉ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን አላስቻለኝም። «እማማ፣ ኢትዮጵያዊት ሴት አውሮፕላን የነዳችው እርስዎ ሳይወለዱ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም። በእሳቸው አልፈርድም። በሰባ ዓመት ውስጥ ያላዩትን ከየት አምጥተው ይመኑ?

ልጅቷን የማረካት ሌላ ነው። ካፒቴን አምሳለ መጀመሪያ ያጠኑት አርክቴክቸር ነው። ከዚያ ወደ አብራሪነት ዞረው ስምንት ዓመት ያህል በረዳት አብራሪነት ሠርተዋል። «ስምንት ዓመት?» አለችኝ የእህቴ ልጅ፣ ዓይኗ ፈጦ። አዎ፣ ስምንት ዓመት ከጎን ወንበር። ኅዳር 2008 ዓ.ም ደግሞ አየር መንገዱ ወደ ባንኮክ ያደረገውን አንድ በረራ ሙሉ በሙሉ ሴቶች መሩት። ኮክፒት ውስጥ ብቻ ሳይሆን መሬት ላይ ያለውንም ሥራ ሴቶች ናቸው የሠሩት። ልጅቷ የዚያን በረራ ፎቶ ስልኳ ላይ አድርጋዋለች። ፊታቸውን አንድ በአንድ እያሰፋች ታያለች፣ ከኋላ የቆሙትን ሳይቀር።

ቅዳሜ ፊዚክስ አብረን እንከልሳለን። ቬክተር ላይ ደርሰናል፣ ነፋስ ከጎን ሲመታ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወዴት እንደሚያዞር የሚጠይቀው ጥያቄ ላይ።