ፓንክ ፍለጋ ዩ ስትሪት

ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን በሌሊት አውቶቡስ እንደመሄድ ያለ ቅጣት የለም። አገር ቤት ከደሴ ስትመጣ መስኮት ትንሽ ገርበብ ብታደርግ "ኧረ ንፋሱን ዝጋው!" የማይልህ ተሳፋሪ የለም። እዚህ ሾፌሩ ኤሲውን እስከ ጥግ ለቆት፣ ሰው ሁሉ ኮፍያውን ደፍቶ ዝም። አንድ የሚቆጣልኝ እናት ጠፋች። ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ወረድኩና ታክሲ ያዝኩ። ስልሳ ዶላር። የአክስቴ ልጅ ጠዋት ሲሰማ "ግማሹ ይበቃው ነበር" አለኝ፤ እንቅልፌን እንደገና ነሳኝ።

የመጣሁት ለእሱ ሠርግ ነው። በትርፍ ሰዓቴ ግን ፓንክ የሚባለውን ፈጣንና ጯሂ የሮክ ሙዚቃ መንገድ ልከተል ፈልጌ ነበር። "ፓንክ? ሊንከን ሐውልት እያለ?" አለኝ። ምን ላድርግ፣ ፒያሳ ሳድግ ሰፈራችን በገባ አንድ ኒርቫና የሚባል የአሜሪካ ሮክ ባንድ ካሴት ተለክፌያለሁ። እነሱስ ማንን ሰምተው ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ኒውዮርክ ላይ ብዙ አልቆየሁም። ራሞንስ የተባሉት ፓንኮች የተነሱበት ሲቢጂቢ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘግቷል። ቤቱ፣ ባወሪ ጎዳና 315 ቁጥር፣ ስደርስ ልብስ መሸጫ ሆኗል። አንድ የቆዳ ጃኬት አንስቼ ዋጋዋን አየሁና በክብር መልሼ ሰቀልኳት። የራሞንስ የመጀመሪያ አልበም በ1976 ሲወጣ 14 ዘፈን ነበረው፤ ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለቀረጻው የወጣው 6,400 ዶላር ገደማ ነው። እዚያ ሱቅ ውስጥ ብዙ ጃኬት አይገዛም።

የእኔ ጉዳይ ግን ዋሽንግተን ነበር። ከራሞንስ አንድ ዘፈን ላይ ስማቸውን የወሰዱ ጥቁር ልጆች፣ ባድ ብሬንስ፣ የተነሱት ከዚህ ነው። መጀመሪያ ጃዝን ከሮክ የሚያቀላቅለውን ጃዝ ፊውዥን ነበር የሚጫወቱት። ማለትም ሙዚቃ በደንብ ይችላሉ። ፓንክ ደግሞ "ሦስት የጊታር ኮርድ ካወቅህ ውጣና ተጫወት" የሚል ነገር ነው። እነሱ የሚያውቁትን ሁሉ ይዘው ወደዚያ ገቡና ማንም ያልደረሰበት ፍጥነት ላይ ደረሱ። የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ራስታ ሆኑ። በ1982 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን ላይ የካፒቶል ጉልላት በመብረቅ ይመታል፤ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አልበሙ ውስጥ ጆሮ የሚቀድ ፓንክ መሃል ድንገት ረጋ ያለ ሬጌ ይመጣል። እዚያ ላይ ሁሌም ፈገግ እላለሁ።

ጂ ስትሪት ላይ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት የከተማዋን ፓንክ የሚሰበስብ ክፍል አለው። ያስደነቀኝ እሱ ነው። በእርሳስ ብቻ ጻፍ አሉኝ፣ ሳጥን አመጡልኝ። አንዱን የኮንሰርት ማስታወቂያ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ፊደሎቹ ከጋዜጣ በመቀስ ተቆርጠው የተለጠፉ ናቸው፤ አንዱ ተንጋዷል። የፕላስተሩ ጠርዝ ፎቶ ኮፒው ላይ ጥላ ሆኖ ወጥቷል። ማዕዘኑ ላይ ፖል ላይ በስቴፕለር የተመታበት ቀዳዳ አለ። በቃ፣ ማስታወቂያ ድርጅታቸው ይኸው ነው። የዋሽንግተኑ ፓንክ ሙዚቀኛ ኢያን ማካይና ጓደኞቹ በ1980 ዲስኮርድ የሚባለውን አሳታሚ ሲያቋቁሙም የሸክላዎቹን ሽፋን ራሳቸው ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ ነበር የሚያጣብቁት። ቆይቶ የማካይ ባንድ ፉጋዚ ስሙ ገንኖም መግቢያ በአምስት ዶላር ያስገባ ነበር። እኛ ጋ "ስፖንሰር አጥቼ ነው አልበሜ የዘገየ" የሚለው ዘፋኝ ይህን ሳጥን ቢያየው ደስ ይለኛል።

ለጥያቄዬም መልስ አገኘሁ። የኒርቫና ከበሮ መቺ ዴቭ ግሮል ያደገው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በ1990 ኒርቫና ከመግባቱ በፊት ስክሪም የሚባል የዚህችው ከተማ ፓንክ ባንድ ውስጥ ይመታ ነበር። የኒርቫናው ዘፋኝ ከርት ኮቤይን የሚወዳቸውን አልበሞች ሲዘረዝር ደግሞ የባድ ብሬንስም አለበት። ፒያሳ የሰማሁት ያ ድብደባ ከዚሁ ሰፈር የወጣ ነው ማለት ነው።

ማታ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ዩ ስትሪት ሄድኩ። የፓንኮቹ ዋና ቤት የነበረው ናይን ሰርቲ ክለብ በ1980 የተከፈተው ኤፍ ስትሪት 930 ቁጥር ላይ ነበር። በ1996 ግን ቪ ስትሪት መጣ፤ ከሀበሻ ምግብ ቤቶቹ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እንግዲህ የእኛ ሰው ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥ፣ ከጀርባው ጊታር ይጮሃል።

ሽሮ አዝዤ ቁጭ ስል ጎኔ የነበሩ አንድ አዛውንት "ከየት ነህ?" አሉኝ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን ገብተው ለዓመታት ኤፍ ስትሪት አካባቢ ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረዋል። ልቤ ቀጥ አለ።

"ጋሼ፣ ታዲያ ፓንኮቹን ያውቋቸዋል?"

"እነዚያን ፀጉራቸውን እንደ ጃርት የሚያቆሙትን? መኪና ላይ እየተቀመጡ ስንቴ አጣሉኝ! ግን አይጠጡም ነበር። እጃቸው ላይ በጥቁር ቀለም መስቀል ይሠራሉ። የሃይማኖት ነገር መስሎኝ አከብራቸው ነበር።"

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ምልክቱ ዕድሜያቸው ላልደረሰ የሚደረግ ነው፤ አሳላፊው መጠጥ እንዳይሰጣቸው። በኋላ የማካይ የቀድሞ ባንድ ማይነር ትሬት ተከታዮች ላለመጠጣት በኩራት ያደርጉት ጀመር። ስነግራቸው "እንደዚያም ከሆነ ጨዋ ልጆች ናቸው" አሉ።

ባድ ብሬንስ ጃንሆይን እንደሚያከብሩ ስነግራቸው ግን አላመኑኝም። ስልኬን አውጥቼ አንዱን ፈጣን ዘፈን ከፈትኩላቸው። አስር ሰከንድ አልቆዩም፣ "ዝጋው ልጄ፣ ጃንሆይ ይህን ቢሰሙ ያሳስሯቸው ነበር" አሉ። ሬጌውን ስከፍትላቸው ስልኩን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አስጠጉ፤ እስከ መጨረሻ ሰሙት። ሒሳቡንም እሳቸው ከፈሉ። ብከራከር፣ ብለምን፣ እንቢ አሉኝ።