የዊንዶውስ ዝማኔ በራሳችን ጊዜና በራሳችን ዳታ

በሞባይል ዳታ ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው በዊንዶውስ ዝማኔ (አፕዴት) ላይ የሚያሰማው ቅሬታ ከልብ ሊደመጥ የሚገባው ነው። አንድ ሰነድ ለመላክ የተገዛው ዕለታዊ ጥቅል ሰነዱ ሳይላክ ያልቃል፤ ለስብሰባ የተዘጋጀው ላፕቶፕም ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲጠብቅ «ኮምፒውተሩን አታጥፉ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይቆማል። በዚህ የተማረሩ ብዙዎች አፕዴትን ለዘለቄታው የሚዘጋ ዘዴ ያፈላልጋሉ። የእኔ አቋም ከዚህ ይለያል፤ ዝማኔን ለሳምንታት ማዘግየት የባለቤቱ መብት ነው፣ ለዓመታት መዝጋት ግን በራስ ፋይልና በራስ ገንዘብ ላይ አደጋ መጥራት ነው ብዬ አምናለሁ።

እስከ ዊንዶውስ 8.1 ድረስ ምርጫው በተጠቃሚው እጅ ነበር፤ ከተሰጡት አማራጮች አንዱም ዝማኔን ፈጽሞ አለመፈለግ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 ይህን አማራጭ ከተራው የማስተካከያ ገጽ አነሳው። ማይክሮሶፍት ያለ ምክንያት አላደረገውም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 የተነሳው ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮችን ሲያዳርስና የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ቀጠሮ እስከማሰረዝ ሲያደርስ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ዝማኔ ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 መጀመሪያ የተለቀቀው ትልቁ የዊንዶውስ 10 ዝማኔ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን የግል ፋይሎች በመሰረዙ በቀናት ውስጥ ታግዶ፣ ታርሞ የተመለሰው በኅዳር ወር ነው። እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ወዲያው መቀበልም ሆነ ጨርሶ መከልከል እንደማያዋጣ ይረዳል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት መቆየት ግን ብልሹ ዝማኔ ከሆነ ጉድለቱ እንዲታወቅ ጊዜ ይሰጣል፤ የደኅንነት ቀዳዳውንም ለረጅም ጊዜ ክፍት አያደርገውም።

ለእኛ አገር ተጠቃሚ ከሁሉ የሚጠቅመው «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠርበት መስመር) የሚባለው ማስተካከያ ነው። ዊንዶውስ ማንኛውንም ዋይፋይ፣ ከስልክ የሚመጣውን ሆትስፖት ጭምር፣ ገደብ እንደሌለው መስመር አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ ከበስተጀርባ ያለ ሐሳብ የሚያወርደውም በዚህ የተነሳ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ወደ ኔትወርክ ገብተን፣ የተገናኘንበትን ዋይፋይ ባሕርያት ከፍተን ይህን ቁልፍ ብናበራው አብዛኛው የዝማኔ ማውረድ ይቆማል፤ የማይክሮሶፍት ስቶር መተግበሪያዎችም በራሳቸው መታደሳቸውን ያቆማሉ። ማስተካከያው ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የተለየ ስለሆነ የስልካችንን ሆትስፖት በዚህ መንገድ ለይተን፣ የመሥሪያ ቤቱን መስመር ክፍት መተው እንችላለን። በዊንዶውስ አፕዴት የላቁ አማራጮች ውስጥ ደግሞ በእንዲህ ያለ መስመርም ቢሆን እንዲያወርድ የሚፈቅድ ቁልፍ ስላለ፣ እሱ መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ የስሪት ዝማኔ በርካታ ጊጋባይት ሊወስድ ስለሚችል፣ ይህ አንድ ቁልፍ ብቻውን የሳምንት ጥቅል ያድናል።

ለአጭር ጊዜ እፎይታ «ፖዝ» የሚለው አማራጭ በዊንዶውስ 11 ዝማኔውን እስከ አምስት ሳምንት ድረስ ያቆያል፤ ጊዜው ሲያበቃ ግን የተጠራቀመውን ሳይጭኑ እንደገና ማራዘም አይቻልም። የሥራ ሰዓታችንን «አክቲቭ አወርስ» በሚለው ስር እስከ 18 ሰዓት ድረስ ብንመዘግብ ማሽኑ በዚያ ጊዜ ውስጥ በራሱ ሪስታርት አያደርግም። የፕሮ እትም ያለው ሰው ከዚህም አልፎ ግሩፕ ፖሊሲ በተባለው የዊንዶውስን አሠራር በጥልቀት በሚቆጣጠር ገጽ በኩል «ኮንፊገር አውቶማቲክ አፕዴትስ» የሚለውን ከፍቶ ሁለተኛውን አማራጭ ቢመርጥ፣ ዊንዶውስ ከማውረዱ በፊት ያስታውቀዋል፤ በዚያው አካባቢ የሚፈልገውን ስሪት መዝግቦ የወርሃዊ ደኅንነት ዝማኔዎችን ብቻ እየተቀበለ በያዘው ስሪት ላይ፣ የድጋፍ ጊዜው እስኪያበቃ ድረስ፣ መቆየት ይችላል። የሆም እትም የግሩፕ ፖሊሲ ማስተካከያ ገጽ የለውም።

ብዙ ጊዜ የሚመከረው የአፕዴት ሰርቪሱን፣ ማለትም ዝማኔን ከበስተጀርባ የሚያካሂደውን ፕሮግራም፣ ዲሴብል ማድረግ (መዝጋት) ነው፤ እኔ አልደግፈውም። ዊንዶውስ የአፕዴት ሥርዓቱን የሚጠግን «ሜዲክ ሰርቪስ» የተባለ ሌላ ጠባቂ ስላለው የተዘጋው መልሶ ሊከፈት ይችላል። ጠባቂውንም ጭምር በኃይል የሚያፍኑ ከየትም የወረዱ ፕሮግራሞች በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ስለሚጠይቁ፣ ከሸሸነው አደጋ የባሰ ሊያመጡ ይችላሉ። ከዚህም በላይ የስቶር መተግበሪያዎች መጫን ይህንኑ ሰርቪስ ስለሚፈልግ፣ ከወራት በኋላ ምክንያቱ የማይታወቅ ብልሽት ይገጥመናል። ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ሻጩ አፕዴቱን ዘግቶት እንደሆነ እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ያለ ዝማኔ የቆየ ማሽን ከውጭ ሲታይ ከሌላው አይለይምና።

በአንድ ቢሮ ብዙ ኮምፒውተሮች ካሉ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለውን ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ መክፈት ጠቃሚ ነው። አንዱ ማሽን ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ስለሚቀበሉ ያው ፋይል ከውጭ ተደጋግሞ አይወርድም። ከኢንተርኔት ላይ ካሉ ኮምፒውተሮች ጋርም እንዲለዋወጥ የሚፈቅደው ምርጫ ግን የእኛን ዳታ ለማናውቀው ሰው መላክ ስለሆነ መዘጋት ይኖርበታል።

የማይክሮሶፍት የደኅንነት ዝማኔዎች በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ይወጣሉ። በዚህ መሠረት በወሩ መጨረሻ አንድ ቀን መርጦ፣ አስፈላጊ ፋይሎችን በውጭ ዲስክ ገልብጦ፣ ሜተርድ ኮኔክሽኑን ለጊዜው አጥፍቶ ወይም ዳታ ወደማይቆጠርበት መስመር ሄዶ ማዘመን ይቻላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ቀን የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ የሆነበት፣ ለዴስክቶፕ ደግሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያለበት መሆን አለበት፤ በመጫን መሐል የሚጠፋ መብራት ሲስተሙን ሊያበላሸው ይችላል። አዲሱ የስሪት ዝማኔ ከተጫነ በኋላ ችግር ከታየ ሴቲንግስ ውስጥ «ሪከቨሪ» በሚለው በኩል ወደ ቀድሞው መመለስ የሚቻለው በተለምዶ በአሥር ቀናት ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ፕሪንተሩንና የሥራ ፕሮግራሞቹን ሁሉ በዚያው ሳምንት ከፍቶ መፈተሽ ያስፈልጋል።