የግንድ ጎጆው ከመቆሙ በፊት የነበሩት ሰባት ሳምንታት

በጓሮዬ ጥግ ላይ ተገጣጣሚ የግንድ ጎጆ ለማቆም ስነሣ፣ ዋናው ሥራ ግንዶቹን እርስ በርስ እያነከሱ ግድግዳ ማውጣት ይመስለኝ ነበር። ግድግዳው ግን ከሁለት ረዳቶች ጋር በሁለት ቀን ቆመ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ዝግጅት ሰባት ሳምንት ፈጀ። ዛሬ በሩ ሳይጎረብጥ የሚከፈተውና ወለሉ እርጥበት የማይሸተው በእነዚያ ሳምንታት በተሠራው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ስለ መሬቱ፣ ስለ ልኬቱና ስለ እንጨት ጠባይ ነው።

በመጀመሪያ የመረጥኩት ቦታ ጥላው ደስ ስለሚለኝ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ነበር። በአናጺነት ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ጎረቤታችን ቦታውን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ፣ እንጨት የሚበሰብሰው ዝናብ ስለመታው ሳይሆን ከተመታ በኋላ የሚደርቅበት ጊዜ ሲያጣ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። እንጨትን የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ሥራቸውን የሚጀምሩት በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ነውና፣ ቅጠል የሚረግፍበትና ፀሐይ የማያገኘው ጣሪያ ሁልጊዜ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። የዛፉ ሥርም ከዓመታት በኋላ መሠረቱን ሊያነሣው ይችላል። ምክራቸውን ተቀብዬ ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ የጥላውን ዳር በካስማ እያመለከትኩ ቆየሁና፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ፣ ንፋስም የሚያልፍበት ቦታ መረጥኩ። ከአጥሩ 60 ሴንቲ ሜትር የራቅኩትም በእርሳቸው ምክር ነው፤ ብሩሽ ይዞ ሰው የማይገባበት ግድግዳ ቀለም ሳይነካው ያረጃል።

ፈቃድን በተመለከተ ሁሉም አካባቢ የራሱ ደንብ ስላለው ብዙ የምለው የለኝም። እኔ የጎጆውን ከፍታ፣ ከወሰን ያለውን ርቀትና የምገለገልበትን ዓላማ በወረቀት ጽፌ ጎጆውን ከማዘዜ በፊት ጠይቄያለሁ፤ አዋሳኝ ጎረቤቶቼንም አስቀድሜ አነጋግሬአለሁ።

ወደ ልኬት ስመጣ ከባድ ስሕተት ልሠራ ተቃርቤ ነበር። የመመሪያው ደብተር የፊት ገጽ የጎጆውን ስፋት 4.20 በ5.20 ሜትር ይለዋል፤ እኔም አርማታውን በዚሁ ልክ ለመሙላት ካስማ ተክዬ ነበር። ደብተሩን እንደገና ሳነበው ግን ይህ ቍጥር ከግንዱ ጫፍ እስከ ግንዱ ጫፍ ያለው ርዝመት መሆኑን አየሁ። ግንዶቹ በማዕዘኖቹ ላይ ከተነካከሱ በኋላ በየአቅጣጫው 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚያልፉ፣ መሬት የሚነካው የግድግዳው ውጫዊ ልክ 4 በ5 ሜትር ብቻ ነው፤ የጣሪያው ክፈፍ ደግሞ ሦስተኛ ልኬት አለው። በፊት ገጹ ቍጥር ሠርቼ ቢሆን ኖሮ በዙሪያው 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የአርማታ ደረጃ ይተርፍና፣ ዝናብ በወረደ ቍጥር ውሃው እዚያ ላይ አርፎ ወደ መጀመሪያው ግንድ ይገባ ነበር። መሠረቱ ከግድግዳው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከግድግዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢጠብ ይሻላል እንጂ ሊበልጥ አይገባም።

እሽጉ ከአንድ ቶን በላይ እንደሚመዝንና ረጅሙ ግንድ ከአምስት ሜትር እንደሚበልጥ ሳውቅ፣ የጭነት መኪናው ከበር ላይ አራግፎ እንደሚሄድ ገባኝ። ስለዚህ 5.20 ሜትር የሆነ ቀጭን እንጨት ቈርጬ ከልጄ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን ከበሩ እስከ ቦታው ድረስ ተጓዝን። በቤቱ መታጠፊያ ላይ እንጨቱ በአግድም አላልፍ አለ፤ አንደኛውን ጫፍ ከፍ አድርገን በአጥሩ አናት ላይ ስናሳልፈው ግን አለፈ። በዚያ መታጠፊያ የነበረውን የአበባ መደብ አስቀድሜ አነሣሁት።

ከዚያ በኋላ የቀረው የመሬቱ ሥራ ነበር። ቦታው ለዓይን ፍጹም ሜዳ ይመስል ነበር። ውሃ የሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ከአንዱ ካስማ ወደ ሌላው ዘርግቼ ስለካው ግን፣ በአምስት ሜትር ርዝመት ውስጥ 18 ሴንቲ ሜትር ያዘቀዝቃል። በመጀመሪያው ልኬት 15 ብቻ አግኝቼ ነበር፤ ልዩነቱ የመጣው ቱቦው ውስጥ ከቀረ አንድ የአየር አረፋ ነበር፤ ስለዚህ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይን ሳይፈትሹ ልኬቱን ማመን አይገባም። ሥር የሰደደበትን ለም አፈር በሙሉ ከጠረግኩ በኋላ ከፍ ያለውን ጎን ቈፈርኩ። የቈፈርኩትን አፈር ግን ለዝቅተኛው ጎን መሙያ አላደረግኩትም፤ ልቅ አፈር የቱንም ያህል ቢረገጥ ከጊዜ በኋላ ስለሚሰጥም፣ አርማታውን ይሰነጥቀዋል። በምትኩ ጠጠር በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየደለደልኩ፣ እያንዳንዱን ድርብ እየጠቀጠቅኩ ሞላሁት። የተቈፈረ አፈር መሬት ውስጥ ከነበረበት ይልቅ እንደሚበዛም አስቀድሜ አላሰብኩም ነበርና፣ የአፈሩ ክምር ለሦስት ሳምንት ያህል መተላለፊያዬን ዘጋው። በላይኛው ጎን፣ ከዳገቱ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል ጠጠር የተሞላ ቦይ አበጀሁ።

አርማታው ሲሞላ ዙሪያውን የሚይዙትን ጣውላዎች ስሠራ አራቱንም ጎኖች በጥንቃቄ ለክቼ 4፣ 5፣ 4፣ 5 ሜትር አገኘሁና ረካሁ። ማታ ላይ ግን ልቤ አላርፍ ብሎ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ሜትር ዘረጋሁ፤ አንደኛው 6.37፣ ሌላኛው 6.44 ሜትር ሆነ። ጎኖቹ ትክክል ቢሆኑም ቅርጹ ገደድ ብሎ ነበር። ሁለቱም ሰያፎች ሊሆኑ የሚገባቸው 6 ሜትር ከ40 ነው፤ 4 በ4 ሲባዛ 16፣ 5 በ5 ሲባዛ 25፣ ድምሩ 41፣ የ41 ካሬ ሥር ደግሞ 6.40 ነውና። ግንዶቹ በፋብሪካ በትክክለኛ ማዕዘን ስለተቈረጡ፣ በገደደ መሠረት ላይ ቢቀመጡ አንደኛው ማዕዘን ከአርማታው ውጭ ይንጠለጠል ነበር። በነጋታው ከአንዱ ማዕዘን ጀምሬ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ላይ ምልክት አደረግኩና፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ድረስ ሲባጎውን አዛወርኩት። ከዚያ ሰያፎቹ እኩል ሆኑ።

አርማታው 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ ይህም 2.4 ሜትር ኩብ ወይም ወደ ስድስት ቶን የሚጠጋ ክብደት ማለት ነው። ይህን ያህል በአካፋ አቡክቶ በአንድ ቀን መጨረስ ለሁለት ሰው የሚቻል አይደለምና፣ የተዘጋጀ አርማታ ማዘዜ ትክክል ነበር። ከሥሩ እርጥበት የሚከላከል ወፍራም ላስቲክ፣ ከላዩ የፌሮ መረብ ዘረጋሁ፤ መረቡ መሬት ላይ ተጋድሞ እንዳይቀር በትንንሽ የአርማታ ቍራጮች ከፍ አደረግኩት። የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበትን ቱቦ የቀበርኩት ከሙሊቱ በፊት በነበረው ማታ ነው። በውስጡ ሽቦውን የሚስብ ገመድ ሳላስገባ ረስቼ፣ በኋላ መስመሩን ለማሳለፍ ከግማሽ ቀን በላይ ደክሜአለሁ። የተሞላውን አርማታ ለሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት። አርማታ ሙሉ ጥንካሬውን ያገኛል የሚባለው በ28 ቀን ቢሆንም፣ አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚይዝ፣ እኔ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግንድ አስቀመጥኩበት።

እሽጉ የመጣው አርማታው ገና ውሃ እየጠጣ ሳለ ነበር። ግንዶቹን በቀጥታ መሬት ላይ ሳላሳርፍ፣ በእኩል ከፍታ በተደረደሩ ሞራሌዎች ላይ አጋድሜ በሸራ ሸፈንኳቸው፤ ሸራው ግን ከጎን አየር እንዲያስገባ ተውኩት። ጥቂቶቹን ብቻ ለማየት ብዬ እሽጉን ከፍቼ ፀሐይ ላይ ያቈየኋቸው ሦስት ግንዶች በሁለት ቀን ውስጥ ጠመሙ። ለመግጠም በመዶሻና በእንጨት ቍራጭ ብዙ ማስጨነቅ ጠየቁ። ከመግጠሜ በፊት ያሉትን ቀናት ቍራጮቹን ከዝርዝሩ ጋር በማመሳከር አሳለፍኩ። አንድ የጣሪያ ወራጅ ጎድሎ ስለነበር፣ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ መታወቁ ከብዙ እንግልት አዳነኝ።

ስለ እንጨት ጠባይ ያወቅኩትን ከሁሉ በላይ አክብሬ ይዤዋለሁ። ግንድ በርዝመቱ ከቶ አይለዋወጥም ሊባል ይችላል፤ በስፋቱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ግድግዳዬ 18 ግንዶች ተደራርበው የቆሙበት ነውና፣ እያንዳንዱ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሸማቀቅ የግድግዳው ከፍታ በ3.6 ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ የበሩና የመስኮቱ መቃን በግንዶቹ መካከል ልቅ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ በሚስማር አይመታም፤ ከላዩም ክፍተት ይተውለታል፤ ክፍተቱን የሚሸፍነው ጌጥ ጣውላም የሚያያዘው ከመቃኑ ጋር ብቻ ነው። አንድ ረዳቴ ይህን ክፍተት የልኬት ስሕተት መስሎት በእንጨት ቍራጭ ሊሞላው ሲል ደርሼ አስቆምኩት።

በገጠምንበት ቀን ከበሩ መቃን በላይ የተውነው ክፍተት 4 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከመጀመሪያው ደረቅ ወቅት በኋላ ስለካው 2.5 ሆኖ አገኘሁት፤ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ወደ 3 ተመለሰ። ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ የላይኞቹ ግንዶች በመቃኑ አናት ላይ ተንጠልጥለው ይቀሩና፣ የታችኞቹ ወርደው በመካከላቸው ብርሃን ይታይ ነበር።