አዲሱ ራዲያተር ለምን ተበሳ?

ራዲያተሩ የሚያፈስ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይበየዳል ወይስ ይቀየራል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ቀዳዳው የት እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ። ራዲያተሩን የበሳው ነገር ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና ብዙም አይቆይማ።

ይህን ነገር ቁልጭ አድርጋ ያሳየችን አንዲት መኪና አለች። ባለቤቷ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሲገቡ ተናደው ነበር። ራዲያተሩን ሌላ ጋራዥ አስቀይረው ጥቂት ወራት በቅጡ ሳይነዱበት እንደገና ማፍሰስ ጀምሯል። የድሮውንም አልጣሉትም፣ ከኋላ ጭነውት ነው የመጡት። (እንዲህ ያለ ደንበኛ ይባረክ። የተቀየረ ዕቃ ስንት ነገር እንደሚናገር ብታውቁ አትጥሉትም ነበር።)

«ልጄ፣ የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ ፎርጅድ ነው» አሉኝ።

«ሊሆን ይችላል ጋሼ፣ ግን እስቲ መጀመሪያ እንየው» አልኳቸው።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «በአርጎን ብየዳ ልድፈነው» ይላል። እጁ ጥሩ ነው፣ ብየዳ ይወዳል። ችግሩ የአሉሚኒየም ራዲያተር እንደ ድሮው የመዳብ ራዲያተር አይደለም። የመዳቡን ጠርገህ፣ አሲድ ቀብተህ፣ በስታኞ (ቶሎ በሚቀልጥ የመበየጃ ብረት) ትደፍነዋለህ፤ አለቀ። አሉሚኒየም ላይ ግን ስታኞው ተንከባሎ ይወርዳል። ምክንያቱ ላዩን የሚሸፍነው ስስ ኦክሳይድ ነው። አሉሚኒየሙ ራሱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ሽፋኑ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ፍቀህ ብታነሳው እንኳ አየር እንደነካው ወዲያው ተመልሶ ይሠራል። የአርጎን ብየዳ ይህን ሽፋን ይሰብራል፣ እሱ እውነት ነው። ወፍራም ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም የሆነ ራዲያተር ጋን ላይ፣ ቆንጆ ይይዛል። የመሃሉ ቱቦዎች ግን ውፍረታቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ጎኑ ሌላ ትከፍታለህ።

በዚያ ላይ ራዲያተር ግፊት አለበት። ብዙ መኪና ላይ ክዳኑ 1 ባር አካባቢ ይይዛል፤ ውሃ በ100 ዲግሪ መፍላቱን ትቶ እስከ 120 የሚታገሰው በዚህ ግፊት ነው። ስለዚህ ቆሞ ሲታይ ድፍን ያለ የሚመስል ጥገና መንገድ ላይ ሲሞቅ ይከፈታል። ሙጫውም፣ ዱቄቱም፣ እንቁላሉም ያው ናቸው። (አዎ፣ እንቁላል የሚጨምር ሰው አለ።) ቤት እስኪደርሱ ያገለግሉ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሂተሩን ቀጫጭን ቱቦ ሲዘጉት ሌላ ሥራ ይሆናሉ።

መኪናዋ እስክትበርድ ጠበቅን። ትኩስ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትን ለፈላ ውሃ መስጠት ነው፣ በዚህ ነገር ላይ ቀልድ አላውቅም። ከዚያ የእጅ ፓምፑን ክዳኑ ቦታ ገጥመን 1 ባር ሞላን። ማኖሜትሩ (የግፊት መለኪያው) ቀስ እያለ ወረደ። የፕላስቲክ ጋኑ ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚታሰርበትን ጠርዝ በባትሪ አበራን፤ ደረቅ ነው። የጎማ ቱቦዎቹም ማሰሪያ ፋሸታዎቹም ደህና ናቸው። ኩላንቱ (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) የሚወጣው ከመሃል ነው፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ከደቀቀች ቦታ። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ።

እዚህ ጋ ነው እኔ የጠረጠርኩት። ጠርዙ ላይ ቢያፈስ ላስቲኩ አርጅቷል ወይም ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል እላለሁ። ጠጠር መትቶት ቢሆን ከፊት ለፊት ያሉት ስስ ቆርቆሮዎች ይተጣጠፉ ነበር። እነሱ ግን እንደ አዲስ ናቸው። የድሮውን ራዲያተር አውርደን ጎን ለጎን ስናስተያየው እሱም የተበሳው መሃሉ ላይ ነው። አንዱን ቱቦ በመጋዝ ቆርጠን ከፈትነው። ውስጡ ነጭ ዱቄት ይዟል፣ ግድግዳው ደግሞ ተቦርቡሯል። ማለትም ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የመጣው።

ልጁ ዝም አለ። ጋሼ ግን አልተዋጠላቸውም፤ «ሁለቱም ፎርጅድ ናቸዋ!»

አሉሚኒየም ከውስጥ የሚበላው በሁለት ነገር ነው ብዬ አስባለሁ፤ ወይ በፈሳሹ፣ ወይ በኤሌክትሪክ። ፈሳሹን ጠየቅኳቸው። ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ በየጊዜው የቧንቧ ውሃ ሲሞሉ ነበር። ይሄ አንዱ ጥፋት ነው፤ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ አሉሚኒየም ላይ ጉድጓድ ይሠራል፣ ኩላንቱ ውስጥ ያለውን ዝገት ተከላካይም ያቀጥነዋል። ግን የሞሉት ማፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው። መጀመሪያ የበሳው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ቮልት መለኪያ አመጣን። ሥራው ቀላል ነው፤ ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ታደርጋለህ፣ ቀዩን ክዳኑ በሚከፈትበት በኩል ኩላንቱ ውስጥ ትነክራለህ፣ ብረት ሳታስነካ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ቁጥሩ ከፍ ካለ ኩላንቱ ራሱ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። እኛ ያገኘነው ትንሽ ነበር፣ የሚያስደነግጥ አይደለም። መብራት አበራን፣ ምንም። ሂተሩን ከፈትን፣ ምንም። ቬንትሌተሩን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) ስናስነሳ ቁጥሩ ዘለለ፤ ግማሽ ቮልት አለፈ። 0.3 ካለፈ እኛ ዝም ብለን አናልፍም።

ያ ቬንትሌተር የፋብሪካ አልነበረም። ድሮ መኪናዋ ትሞቃለች ተብሎ ተጨማሪ ተገጥሞላት ነበር፤ የገጠመው ሰው ደግሞ የማሳውን ሽቦ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን) ቅርብ ያገኘው ብሎን ላይ አሥሮታል፣ የራዲያተሩ መያዣ ላይ። ራዲያተር የሚቀመጠው በላስቲክ ላይ ነው። ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ያ የዛገ መያዣ ብቻ ነበር፣ እሱም በደንብ አያስተላልፍም። ስለዚህ ከቬንትሌተሩ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ከፊሉ ራዲያተሩን አልፎ፣ በኩላንቱ በኩል ወደ ሞተሩ ማሳ ይሄዳል። ከአሉሚኒየሙ ወጥቶ ወደ ኩላንቱ በሚገባበት ቦታ አሉሚኒየሙን ይበላል። ራዲያተሩን የቀየረው ጋራዥ ሽቦውን ፈትቶ፣ አዲሱን ገጥሞ፣ መልሶ እዚያው ብሎን ላይ ነው ያሠረው። ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው፤ እንደተገኘ መመለስ የሥራችን ልማድ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። የቬንትሌተሩን ማሳ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ወሰድነው። ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደውንም ማሳ ፈትተን፣ ጠርገን፣ አጥብቀን አሠርን። የራዲያተሩ ውሃ ላይ አረፋ ይኖር እንደሆነም አየን፤ ቢኖር የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማሸጊያ) ጭስ ወደ ኩላንት እያስገባ ነው ብለን እንጠረጥር ነበር። የለም። ራዲያተሩ ግን መቀየር ነበረበት። መሃሉ ላይ ሁለት ቦታ ከተበሳ ሌሎቹም ቱቦዎች ውስጣቸው ተበልቷል፣ ተራቸውን ነው የሚጠብቁት።

ስንቀይረው ልጁ ላይ የጮህኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የታችኞቹን ላስቲኮች «አርጅተዋል» ብሎ ሊተዋቸው ሲል። እነሱ ከሌሉ ራዲያተሩ ከብረት ጋር ይፋተጋል፣ ንዝረቱንም ሁሉ ራሱ ይቀበላል። አዲስ አስገባንላቸው። የድሮውን ኩላንት ዕቃ ውስጥ አጠራቅመን አነሳነው፤ ጣፋጭ ነው፣ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ይገድላቸዋልም። ሲስተሙን ደጋግመን አጠብነው። ኩላንትና የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለን ሞላን፤ ከዚያ ሂተሩን እስከ መጨረሻ ከፍተን ሞተሩን አስነሳነው፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፈትና አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ። ከዚያ እንደገና ቮልት መለኪያ። ቬንትሌተሩ እየዞረም ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ጋሼ ሒሳብ ሊዘጉ ሲሉ «የድሮውን ይሄ ልጅ ይበይድልኝና መጠባበቂያ ላድርገው?» አሉ። ልጁን አየሁት። የተቆረጠውን ቱቦ አነሳና «ጋሼ፣ ይሄ ከውስጥ አልቋል፣ ለቁራሌው ይስጡት» አላቸው።