አረንጓዴው ለምን ላይ ሆነ?

አዲስ አበባ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ልጆቼ አምስትና ስድስት ዓመታቸው ነው። የሰንደቅ ዓላማ ቀን የሚውለው በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ነውና ትምህርት ተከፍቶ ገና በቅጡ ሳንላመድ ይደርሳል።

የመጀመሪያ ዓመት ያስተማርኩት እኔ ራሴ በተማርኩበት መንገድ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሦስቱን ቀለማት ቀባሁ። «አረንጓዴ፣ ልምላሜ! ቢጫ፣ ተስፋ! ቀይ፣ መሥዋዕትነት!» እያልኩ አስደገምኳቸው። በሁለት ቀን በቃላቸው ያዙት። ወላጆች ፊት ሲያቀርቡት ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

በማግስቱ አንዷን ልጅ ጠጋ ብዬ «ልምላሜ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ባንዲራ» አለችኝ።

መልሷ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ልጆቹ ቃሉን እንጂ ነገሩን አልያዙም ነበር። ጥፋቱም የእኔ እንጂ የእነሱ አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት ከቃሉ መጀመሩን ተውኩት። ከሳምንት በፊት «ከቤታችሁ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ የሆነ ነገር አምጡ» አልኳቸው። መስቀል ገና ማለፉ ስለነበር ብዙዎቹ አደይ አበባ ይዘው መጡ። ቄጠማ መጣ፣ የሎሚ ቅጠል መጣ፣ በወረቀት የተጠቀለለ እርድ መጣ። አንዱ ኪሱን ሙሉ ቀይ የለስላሳ ቆርኪ ይዞ መጣ። ሌላው ደግሞ በርበሬ በፌስታል ቋጥሮ መጣ። እኔ አደዩን ስሰበስብ ፌስታሉን ፈትቶ ነካካውና በዚያው እጁ ዓይኑን አሸ። ጩኸቱ እስከ ቢሮ ተሰማ። በውኃ ደጋግመን አጠብነው፣ እናቱንም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ምን መምጣት እንደሌለበት አስቀድሞ መናገር የእኔ ሥራ ነበር። አሁን በየዓመቱ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ «በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ቃሪያ አይላክ» ብዬ እጽፋለሁ።

ከዚያ ሁለት ሜትር አቡጀዲ መሬት ላይ አነጠፍን። ልጆቹን ለሦስት ከፈልኳቸው። እያንዳንዱ ቡድን ያመጣውን በኮላ እንዲለጥፍ ነገርኳቸው፤ ቅደም ተከተሉን ግን አልነገርኳቸውም። አረንጓዴዎቹ ሮጠው የታችኛውን ቦታ ያዙ።

«ላይ ነው የሚሆነው» ብላ አንዷ ተቃወመቻቸው።

ቄጠማውን የያዘው ልጅ ግን ወይ ፍንክች። «ሚስ፣ ሣር መሬት ላይ አይደል እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ለእሱ ዓለም የተሠራችው እንደዚያ ነው። «አይ፣ ተሳስተሃል» ብለው ኖሮ ያን ቀን ማሰቡን ያቆም ነበር። ይዣቸው ወጣሁና ግቢው ውስጥ ያለውን ሰንደቅ ዓላማ ቀና ብለን አየን። አረንጓዴው ላይ ነው። «ለምን ይመስላችኋል?» አልኳቸው። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ ራሱ ባለ ቄጠማው «ዛፍ ከሆነ ላይ ይሆናል» አለና ገብቶ ቄጠማውን ወደ ላይ አዛወረው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ የሚለው አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ ከመሐል፣ ቀይ ከታች ነው። የዛፉ ምክንያት ሕጉ ውስጥ የለም። ቢሆንም ልጁ ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ተሳስቶ አያውቅም።

ቢጫውን አደይ አበባ አስተማረልኝ። «አደይ ስትወጣ ምን ይሆናል?» ስላቸው «ዝናቡ ያልቃል»፣ «አዲስ ልብስ ይገዛልናል»፣ «ትምህርት ቤት ይከፈታል» አሉ። በክረምቱ ጭቃ ውስጥ ሆኖ አደይን መጠበቅ ተስፋ ይባላል አልኳቸው። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። የ2001ዱ የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ለቢጫው ፍትሕንና እኩልነትንም ይሰጠዋል። ለእሱ አንዲት ዱላ ተጠቀምን። ሦስቱን መደብ በአንዷ ዱላ ለካን። ቀዩ ሁለት ጣት ያህል ጠቦ ተገኘ። ቀዮቹ ልጆች «ይሄ ልክ አይደለም!» ብለው ጮኹ። አስተካከልነው።

የከበደኝ ቀዩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት «ደማቸውን ያፈሰሱ አባቶቻችን ምልክት ነው» ብዬ ነበር። አንዲት ልጅ ከዚያ ወዲህ ወደ ባንዲራው መጠጋት ፈራች። እናቷ ስትጠይቃት «የሰው ደም አለበት» አለቻት። ለካ ልጅ የሰማውን እንዳለ ነው የሚወስደው።

አሁን ስለ ዓድዋ ስነግራቸው ከእግር ጉዞው እጀምራለሁ። ሰዎቹ ከሩቅ ከሩቅ አገር ተነሡ። ብዙዎቹ ጫማ አልነበራቸውም። ስንቃቸውን ተሸክመው ለሳምንታት ተጓዙ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አገራቸውን ሊወስድ ከመጣው የጣሊያን ጦር ፊት ቆሙ፣ አሸነፉም። ብዙዎቹ ግን ቤታቸው አልተመለሱም። ይህን አልደብቃቸውም። ከዚያ «እናንተስ፣ ሰው ፊታችሁ ቆሞላችሁ ያውቃል?» እላቸዋለሁ። አንዱ «ውሻ ሲያባርረኝ ወንድሜ ፊቴ ቆመ፣ እሱን ነከሰው» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። መሥዋዕትነት የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መሐሉ ላይ ላለው አርማ ገመድ ነው የተጠቀምኩት። አምስት ልጆች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አንድ ረጅም ገመድ በየመሐሉ አንድ አንድ ልጅ እያለፈ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። መጨረሻው መጀመሪያው ጋር ሲገናኝ ኮከብ ይሆናል። ወንበር ላይ አውጥቼ ከላይ ሳሳያቸው ያላመነ የለም። አንዷ አፍንጫዋን ልታክ ገመዱን ስትለቅ ኮከቡ ፈረሰ፣ የቀሩት አራቱ «ያዢ! ያዢ!» አሉ። እኩል የሆኑት መስመሮች የሕዝቦችንና የሃይማኖቶችን እኩልነት፣ ኮከቡ አንድነታቸውን፣ ሰማያዊው ሰላምን እንደሚያሳዩ ያን ጊዜ በአጭሩ ነገርኳቸው።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ «ሚስ፣ እኛ ቤት ያለው ኮከብ የለውም» አለኝ። ደነገጥኩ። ትልልቆቹ በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደምንቆራቆስ የማያውቅ የለም። ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ልጁ ያየውን ነው የተናገረው። በማግስቱ ሦስት ሥዕል ይዤ መጣሁ። አንዱ በንጉሡ ዘመን የነበረው፣ አንበሳ ያለበት። አንዱ ልሙጡ። አንዱ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው፣ ኮከብ ያለበት። «አሁን በሕግ የአገራችን የሆነውና ትምህርት ቤታችን የሚሰቅለው ይሄኛው ነው። ያኛው ደግሞ ከዚህ በፊት የነበረ ነው። አባባ ለምን እንዳስቀመጠው ጠይቀው» አልኩት። ቤተሰቡን ልጁ ፊት መውቀስ አይገባኝም። የሌለ ነገር ማስተማርም አይገባኝም። ሦስቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያየች ልጅ «ቀለሞቹ ግን አልተቀየሩም» አለች። እኔ ልል የነበረውን እሷ ቀደመችኝ።

ስለ አጠራሩም ይጠይቁኛል። «ባንዲራ» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። «ሰንደቅ» የሚሰቀልበት ምሰሶ ነው፣ «ዓላማ» ምልክቱ። ልጆቹን ግን ባንዲራ አትበሉ ብዬ አልቆጣም። እናቶቻቸው የሚሉት እሱን ነው። ሁለቱንም ይወቁት።

ከሁሉ በላይ ያስተማረልኝ ግን የግቢያችን ጥበቃ ነው። ልጆቹ አባባ ይሏቸዋል፤ ድሮ ወታደር ነበሩ። ማታ ሰንደቅ ዓላማውን ሲያወርዱ መጀመሪያ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ገመዱን በቀስታ ይለቃሉ። ጨርቁ መሬት ሳይነካ በክንዳቸው ይቀበሉትና ያጥፉታል። ማንንም «ቁም!» ብለው አያውቁም። ልጆቹን አንድ ቀን እንዲያዩ ብቻ ይዣቸው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰርቪስ የሚጠብቁት ልጆች እሳቸው ወደ ምሰሶው ሲሄዱ ካዩ ሩጫቸውን ያቆማሉ። እኔ ይህን አላስተማርኳቸውም።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ነበር። ክፍል ውስጥ ሥዕል እየቀባን ሳለ ያ ባለ ቄጠማ ልጅ በመስኮት አየና ብሩሹን ጥሎ ወጣ። ተከተልኩት። ሰንደቅ ዓላማው ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ፣ አረንጓዴው ብቻ ይታይ ነበር። ልጁ ጥበቃው ቤት በር ላይ ቆሞ እያለከለከ ነው።

«አባባ፣ ይምጡ! ባንዲራው ታነቀ!»

ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ገመዱን አብረው ያዙ።